ሦስተኛው አዳራሽ፣ የግራው ግድግዳ

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

መምህርቷ ይህን ደብተር ሰጠችኝ። "አባት፣ ያዩትን ይጻፉበት፤ ማንም አያርመውም" አለች። ማንም ካላረመው ደግ። በዚህ ዕድሜዬ ቀይ እስክሪብቶ አልፈልግም።

ዛሬ የጎልማሶች የፊደል ክፍል ተማሪዎች አሥራ አንዳችንም ወደ ሥዕል ሙዚየም ሄድን። ከእንግዲህ በየሐሙሱ ነው። መጨረሻ ላይ እያንዳንዳችን አንድ ሥዕል መርጠን፣ ከፊቱ ቆመን፣ የጻፍነውን ጮክ ብለን እናነባለን። እንግዳም ይጠራል አሉ። ይጠራ።

ቤቱን አውቀዋለሁ። አርባ ዓመት ግድግዳ ስቀባ ያልገባሁበት ትልቅ ቤት የለም። ይኼ ሙዚየም ሊሆን ሲታደስ ከሠሩት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። የትኛውን ክፍል እንደቀባሁ ግን ማን ያስታውሳል።

ግድግዳው ባጠቃላይ ደህና ነው። አንደኛው አዳራሽ ኮርኒሱ ሥር የሮለር መስመር ይታያል፤ የሰነፍ ሥራ። ሁለተኛው ጥሩ ነው። ሦስተኛው አዳራሽ ብዙ አልቆየሁም። ጉልበቴን አመመኝ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

የጻፍነውን አስነበበችን። የኔ ሲነበብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ፣ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ የማያውቅ፣ "ጋሼ፣ ሰው ሙሽራ እይ ተብሎ ወንበር ሲቆጥር ይውላል?" አለችኝ።

"ወንበሩ ከተሰበረ ሙሽራዋም መሬት ናት" አልኳት።

መምህርቷ አልሳቀችም። "ግድግዳውን አየነው አባት። ሥዕሉስ?" አለች። ሥዕሉንማ አላየሁትም።

ቀለም ያልቆጠረ ሲሉኝ የኖሩ አሉ። እኔ! በጣሳ፣ በባልዲ፣ በበርሜል ስቆጥረው ኖሬ! እሺ፣ ሐሙስ አንድ ሥዕል ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ እቆማለሁ። ጉልበቴ ከፈለገ ይጩህ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ቆምኩ። ሦስተኛው አዳራሽ፣ የግራው ግድግዳ። ለምን እዚያ እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ።

ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ሸሚዝ አለ። ቁልፍ ተክላ ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ጎንበስ ብላለች። አንገቷ ላይ ያረፈው ብርሃን አንድ እጅ ብቻ ነው የተቀባው፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ያሳያል። መጀመሪያ ስንፍና መሰለኝ። ቆይቼ ሳየው ግን ሰውየው ሆን ብሎ ነው የተወው። ሁለተኛ እጅ ቢጨምርበት አንገት መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ይሆን ነበር። መተው ማወቅም ሙያ ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴን አትመስልም። ባለቤቴ ቀጠን ያለች ነበረች። መቀስ አጠገቧ ተቀምጦ በጥርሷ ነበር የምትበጥሰው፤ የሚያመሳስላቸው ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ከፍሬሙ ሥር በስተግራ ቀለሙ ሽምብራ አክሎ አብጧል። እርጥበት በእጅ አይታወቅም፤ የሠራተኛ እጅ ደንድኗል፣ አይናገርም። የሚያውቀው ጉንጭ ነው። ይህ የራሴ ዘዴ ነው፣ ከማንም አልተማርኩትም። ጉንጬን አስጠጋሁ። ቀዘቀዘኝ። ውስጡ ውሃ አለ።

"ኧረ አባት! ምን እያደረጉ ነው!" ጥበቃዋ ሮጣ ደረሰች።

"ግድግዳው ታሟል" አልኳት።

"የታመሙትስ እርስዎ እንዳይሆኑ" አለችና ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። ሰው ሁሉ እያየ። ኮሪደሩ ላይ ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማኋት፤ "እዚያ ግድግዳ ላይ ምን እንዳለ እንጃ። ድሮም አንዲት እናት ክረምት ክረምት እየመጡ እንዲሁ ጉንጫቸውን ይለጥፉበት ነበር። እሳቸውን ዝም እላቸው ነበር። ከቀሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው።"

ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ከተማው ሰው ሞልቶታል።

ከእንግዲህ መግቢያው ወንበር ላይ እንጂ አዳራሽ አትገባም ተብያለሁ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

መምህርቷ ለልጄ ደውላለች። ልጄ ከሥራ በቀጥታ መጣች፣ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ።

"አባዬ፣ ሙዚየም ውስጥ ግድግዳ ሳምክ አሉኝ።"

"አልሳምኩም። ለካሁት።"

"በጉንጭህ?"

"እና በምኔ ልለካው?"

ተቀመጠች። ወጥ ቤቱን አየች፣ ጫማዬን አየች፣ ጣሪያውን አየች። ምን ልትል እንደሆነ አውቄዋለሁ። "እኛ ጋ ና። ክፍል አለ። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጉልበት ትምህርቱ ይቅርብህ። የሚነበብ ነገር ካለ እኔ አነብልሃለሁ።"

ስታነብልኝ ግማሹን ትዘለዋለች። ከሐኪም ወረቀት ይዤ ስመጣ በዓይኗ ትሮጥበትና "ምንም አይደለም አባዬ" ትላለች። የእናቷም የሐኪም ወረቀት የመጣ ጊዜ "ምንም አይደለም" ነበር ያለችኝ። ለኔ አዝና ነው፤ አውቃለሁ። ግን እኔ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አይደለም ብዬ ተቀመጥኩ። እናቷ እየሞተች እኔ ምንም አይደለም።

ለዚህ ነው ፊደል የጀመርኩት። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም። "ትምህርቴን አልተውም" ብቻ አልኳት።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ጠዋት ሙሉ ዘነበ። መግቢያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እብጠቱን እንድታይ ልብስ ሰፊዋን ላክኋት። ሳትነካ፣ ሜትሯን በአየር ላይ ዘርግታ ለክታ መጣች። "ሦስት ሳንቲ ተኩል ጋሼ። የካፖርት ቁልፍ ያህላል።"

ያን ግድግዳ የቀባው ሰው ጥንቃቄ የጎደለው ነው።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

"ሰባት ሳንቲ፣ ሁለት ልጆችም ወልዷል" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ተነሥቼ ወደ ሙዚየሙ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሳበልኝ። "ከሴትዮዋ ሥዕል ጀርባ፣ ግድግዳው ውስጥ፣ ከጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ቱቦ አለ። አርጅቶ ያፈሳል። ሥዕሉ ይነሣ" አልኩት።

አንድ ትልቅ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ። "በፕላኑ ላይ ቱቦ የለም አባት።"

"ፕላኑ ላይ የለም ተብሎ ውሃው መፍሰሱን ይተዋል?"

ፈገግ አለ። "እንግዲያው በጽሑፍ ያስገቡ።" በጽሑፍ ሲል ጣቶቼን አየ።

"አስገባለሁ" አልኩት።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ማመልከቻው አራት ቀን ፈጀብኝ። ስድስት ወረቀት አበላሸሁ። "የቀባው ሠራተኛ" የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት።

መምህርቷ አነበበችው። "ቱቦ መኖሩን በምን አወቁ? ይህን ካልጻፉ እኮ አያምኑዎትም።"

"በሙያዬ።"

"በሙያ የግድግዳ ውስጥ ይታያል?"

"ይታያል።"

ትንሽ አየችኝና ተወችኝ። "በሙያዬ" ብዬ ጻፍኩ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

አስገባሁ። ማኅተም መቱበት። ዝናብ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

አሥራ ሁለት ሳንቲ። ልብስ ሰፊዋ ዛሬ አልቀለደችም። "ጋሼ፣ ፍሬሙን ሊነካ ነው" አለች።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

በስሜ የመጣ ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ከፍቼ ራሴ አነበብኩ። ከምሳ እስከ አሥር ሰዓት ወሰደብኝ። አንድም ቃል አልዘለልኩም።

"በመዝገባችን መሠረት የተጠቀሰው ግድግዳ በዕድሳቱ ወቅት ደረቅ መሆኑ ተረጋግጦ በብቁ ባለሙያ ተቀብቷል። ስለሆነም ሥዕሉን ለማንሣት የሚያበቃ ምክንያት አላገኘንም።"

በብቁ ባለሙያ። ይህችን ደጋግሜ አነበብኳት። በአርባ ዓመት ሥራ፣ ቀቢ እንዲህ ተብሎ በማኅተም ሲጻፍለት አላየሁም። "ጎበዝ" ይሉናል፣ "ቶሎ በል" ይሉናል። ብቁ ባለሙያ የሚለን የለም።

ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩት። ለልጄ አላሳየኋትም። እንግዲህ እኔ ነግሬያለሁ፤ አልሰማ ካሉ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። ጉልበቴ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ጉልበቴ አይደለም።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጻፈው። ማንም አያርመውም ተብያለሁ።

ሦስተኛውን አዳራሽ የቀባሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ክፍል ነበር፤ ለምርቃቱ አራት ቀን ቀርቶታል። ፎርማኑ በሰው ፊት "ትጨርሳለህ ወይስ ሌላ ሰው ላምጣ?" አለኝ። እጨርሳለሁ አልኩ። እጨርሳለሁ ብዬ ያልጨረስኩት ሥራ አልነበረኝም።

በማግስቱ ባለቤቴ ምሳዬን ይዛ መጣች። ሳህኑን አስቀምጣ የግራው ግድግዳ ላይ ጉንጯን አሳረፈች። የደከማት መሰለኝ። "ይሄ ግድግዳ እያለቀሰ ነው" አለችኝ። "ውስጡ ውሃ ይሄዳል። ንገራቸው።"

"አንቺ ደግሞ ስለ ግድግዳ ምን ታውቂያለሽ?" አልኳት። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሳህኑን ይዛ ሄደች፤ በላሁ አልበላሁም ሳታይ።

ከሄደች በኋላ እኔም ጉንጬን አስጠጋሁ። እውነቷን ነበር። ጥግ ላይ ልስኑን በመሮ ፈልፈል ሳደርግ ቱቦው ታየኝ፤ መጋጠሚያው ላይ ላብ አውጥቷል። ብናገር ግድግዳው ይፈርሳል፣ ምርቃቱ ይተላለፋል፣ ሚስቱ ነች የነገረችው ይባላል። ከሦስቱ የትኛው እንደከበደኝ ዛሬ አውቀዋለሁ። ቀዳዳውን ደፈንኩት፣ ስቱኮ ለጠፍኩ፣ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም አለበስኩት። የዘይት ቀለም እርጥበትን አፍኖ ይይዛል፣ ላዩ ግን ያበራል። ሲመረቅ ሁሉም ያደነቁት እሱን ግድግዳ ነበር።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ይኼኛው ሠላሳ አንድ ዓመት አሳሳቀኝ።

የኛ ሙያ ሰው ከመጨረሻው ቀለም በፊት ስሙን ግድግዳው ላይ ይጽፋል። ቀለሙ ይሸፍነዋል፣ ማንም አያየውም፤ ግን አለ። እኔ ስሜን መጻፍ ስለማልችል ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል እሥል ነበር። እዚያም ሣልኩ። በውሸት ሥራ ላይ እንኳ ምልክቴን አልተውኩም፤ ኩራቴ አያድርስ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየሥራዬ ጉንጬን አስጠግቻለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የራሴ ዘዴ ነው እል ነበር። እሷ አጠገቤ ቆማ "አዎ፣ የሱ ነው" ትል ነበር።

አንድ ነገር ቀረ። በየክረምቱ አንድ ቀን "እህቴን ልጠይቅ" ብላ ትወጣ ነበር። ክረምት ብቻ የሚናፈቅ ምን ዓይነት እህት ነው? ብዬ አልጠየቅኳትም። ተመልሳ ስትመጣ "እህትሽ እንዴት ናት?" ስላት "እስካሁን ችላለች" ትለኝ ነበር። በቃ ይህን ብቻ።

ሐሙስ የንባቡ ቀን ነው። የማነበው ይህን ነው።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ስድስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "ሚስቱ ነች የነገረችው" የሚለው ቦታ ስደርስ ተመልሼ ከላይ እጀምራለሁ። ሰባተኛ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

መምህርቷ "ግድግዳ አይነኩም፣ እኔ አለሁ" ብላ ዋስ ሆና አስገባችኝ። ልጄም መጣች፤ አልጠራኋትም ነበር፣ መምህርቷ መሆን አለባት። ኃላፊው ከነእንግዶቹ ፊት ለፊት ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ስለ አንዲት ንግሥት ቀሚስ ስፌት አነበበች፣ ተጨበጨበላት። ቀጥሎ እኔ።

ሦስተኛው አዳራሽ ሄጄ ከሴትዮዋ ጎን ቆምኩ። እብጠቱ ፍሬሙ ሥር ገብቷል። መስመር ጠፋብኝ። ልብስ ሰፊዋ ቃሉን ልትነግረኝ ከንፈሯን ስታላውስ "አትንገሪኝ" አልኳት። በጣቴ ፈልጌ አገኘሁት። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። አንድም አልዘለልኩም።

ማንም አላጨበጨበም። ደብዳቤውን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ለኃላፊው መለስኩለት። "ይኼ የኔ አይደለም" አልኩት። "ግድግዳውን ክፈቱት። ከቀለሙ ሥር መሰላል ታገኛላችሁ፤ ሦስት ደረጃ አለው። ካጣችሁ እኔ ጃጅቻለሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ ልጄ ዛሬውኑ ትውሰደኝ፣ ደብተሬንም እዘጋለሁ።"

ኃላፊው ደብዳቤውን አየ፣ ግድግዳውን አየ። "ነገ ባለሙያ አስጠርቼ..."

"ነገ ሌላ ዝናብ ነው። ዛሬ ትውረድ።"

ኃላፊው ወደ እንግዶቹ ዞረ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ያቺ እየጎተተች ያስወጣችኝ ጥበቃ ናት። "እኔ በዚህ በኩል ልያዝ" አለች። ያን ጊዜ ኃላፊው ራሱ በሌላው በኩል ያዘ።

ስትገለበጥ አየናት። የሸራው ጀርባ ግራው ጥግ ላይ ረጥቧል፣ መዳፍ ያህል። ፊቷ ግን አልተነካም። አንገቷም። ክሩም።

ታክሲ ውስጥ ልጄ መስኮቱን እያየች "እማዬ መድፈንህን ታውቅ ነበር?" አለችኝ።

"ጠይቄያት አላውቅም።"

እጄን ያዘችኝ። ቤቷ ስላለው ክፍል አላነሣችም።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ከፈቱት። ጠሩኝ። ከጥጉ ጀመሩ። ቱቦው መጋጠሚያው ላይ በስብሶ ጣት ያስገባል። ከዚያ የዘይት ቀለሙን በስሱ ሲልጡት መሰላሉ ወጣ። ጠማማ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨለማ ውስጥ ቆሞ ማንም ሳይወጣበት።

ኃላፊው "ይቅርታ አባት" አለ። "ጥፋቱ የኔ፣ ይቅርታው ያንተ? እንዲህ ያለ ሒሳብ አላውቅም" አልኩት። ሳቀ። ሲደርቅ ማን ይቅባው ብሎ ጠየቀኝ። "ማን ይቅባው ትላለህ!" አልኩት።

ስወጣ ጥበቃዋ በር ላይ ነበረች። ጠየቅኳት። ዘግይቼ፣ ግን ጠየቅኳት። "ያቺ ክረምት ክረምት የምትመጣው እናት፣ ምን ዓይነት ሴት ነበረች?"

አሰበች። "ቀጠን ያሉ። ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን የደንብ ልብሴ እጅጌ ላይ ክር ተንጠልጥሎ አይተው፣ ኧረ መቀስ አለ እያልኳቸው፣ ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው በጠሱልኝ።"

አመስግኜ ወጣሁ። ካፊያ ነበር። ጃንጥላ አልዘረጋሁም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

አዲሱ ቱቦ በውጭ በኩል ወረደ። ግድግዳው ተለሰነ። ኃላፊው "መቼ እንቀባ?" ይላል። ሲደርቅ።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

"አሁንስ?" አለ። በእጁ ነካካውና "ይኸው ደርቋል" አለኝ። ጉንጬን አስጠጋሁ። አልደረቀም። ጥበቃዋን ጠርቼ ጉንጯን አስጠጊ አልኳት። "ይቀዘቅዛል" አለች። ገብቷታል።

"ከማን ተማሩት?" አለችኝ።

"ከባለቤቴ" አልኳት።

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ደረቀ።

ልጄ ባልዲውን ተሸከመችልኝ፤ መሰላሉን ያዘች፣ ከሥሩም አልነቃነቅ አለች። "ሁለት ደረጃ ብቻ አባዬ፣ ከዚያ በላይ የለም።" ሦስት ወጣሁ።

መምህርቷና ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆመው ያያሉ። የመጀመሪያውን ቀለም ከመቀባቴ በፊት እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ። ሴትዮዋ ተመልሳ የምትሰቀልበት ቦታ ላይ፣ ትክክል መሃሉ ላይ፣ በመጀመሪያ የባለቤቴን ስም ጻፍኩ። ከሥሩ የራሴን። ከሥሩ ደግሞ "ደርቆ የተቀባ" ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ከታች ሆና ፊደል በፊደል አነበበችው፣ ምንም ሳትዘል። ድምፅ አላወጣችም፤ ከንፈሯን ግን አየሁት።

ከዚያ ቀባሁበት። ሮለሩ ሲያልፍ የባለቤቴ ስም መጨረሻ ላይ ነው የጠፋው።

ሁለተኛው እጅ ሰኞ ነው። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ።